የአስከሬን ምርመራ፦ ለሟች ፍትሕ፣ ለቀሪው መትረፊያ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ገጠር ቀበሌዎች አንድ ሰው ተገድሎ ሲገኝ ሁለት ጥያቄዎች ወዲያው ይነሳሉ። ማን ገደለው? መቼ ይቀበራል? በሁለቱ መካከል ሦስተኛው ጥያቄ ይዘነጋል፤ እንዴት ሞተ? የመጀመሪያውን ፖሊስና ዘመድ፣ ሁለተኛውን ዕድርና የሃይማኖት አባቶች ይመልሱታል። ሦስተኛውን በእውቀት ሊመልስ የሚችለው የሐኪም ምርመራ ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሟች አፈር ከለበሰ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ የሚሰጠው መልስም በጥርጣሬና በወሬ ላይ የቆመ ይሆናል።

የአስከሬን ምርመራ ወረቀት ሁለት ጊዜ የመናገር አቅም አለው። በመጀመሪያ ስለ አንድ ሟች ለፍርድ ቤት ይናገራል። ብዙ ወረቀቶች በአንድነት ሲነበቡ ደግሞ በአንድ አካባቢ ሰው በምን መሣሪያ፣ የት፣ መቼና በምን ጸብ እንደሚገደል ይናገራሉ። የመጀመሪያው ድምፅ በችሎት ይሰማል። ሁለተኛው በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ቀጣዩን ሞት ለማስቀረት የሚረዳው ግን ይህ ያልተሰማው ድምፅ ነው።

ከአውጫጭኝ ወደ ሐኪም

ገዳይን በጋራ ማፈላለግ ለኢትዮጵያ ገጠር የቆየ ልማድ ነው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም ከስፍራው እንዳይለይ እየተደረገ የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል። የሥርዓቱ ጉልበት የሰው ቃል ነበር፤ ድክመቱም ያው የሰው ቃል ነበር። ሰው ይፈራል፣ ይወግናል፣ ይረሳል። ቂም የያዘ ሰው ምስክርነቱን መበቀያ ሊያደርገው ይችላል። ቁስል ግን ወገን የለውም።

የወንጀል ሕግ በ1923 ዓ.ም. በጽሑፍ ከወጣ፣ በ1949 ዓ.ም. በአዲስ ከተተካና በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከታወጀ በኋላ ማስረጃ የማሰባሰቡ ሥራ ከሜዳ ጉባኤ ወደ መርማሪ ፖሊስ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ችሎት ዞረ። ይሁንና በብዙ የገጠር ግድያዎች ዛሬም ክርክሩን የሚሸከመው የዐይን ምስክር ነው። ምስክር በሌለበት፣ ወይም ምስክሩ የአንደኛው ወገን ዘመድ በሆነበት ጊዜ፣ ዳኛው የሚደገፍበት ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ቁሳዊ ማስረጃ ቃልን እንዴት እንደሚያግዝ የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ ከቻይና ይነገራል። ሶንግ ሲ የተባለ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1247 ባዘጋጀው የአስከሬን ምርመራ መመሪያ ውስጥ በማጭድ ስለተገደለ ሰው ተጽፏል። መርማሪው የመንደሩ ሰዎች ማጭዳቸውን ሁሉ አምጥተው መሬት ላይ እንዲደረድሩ አዘዘ። ጊዜው በጋ ነበርና ዝንቦች ከተደረደሩት ማጭዶች መካከል በአንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ። ንጹሕ የመሰለው ያ ማጭድ ለዐይን የማይታይ የደም ርዝራዥ ነበረበት። ባለቤቱም ድርጊቱን አመነ። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ማንም ሰው ያን ማጭድ ከሌሎቹ ለይቶ መጠርጠር አይችልም ነበር።

በኢትዮጵያ የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዓመታት ከአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ሲታወቅ ኖሯል። በኋላም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስኩ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። አዲስ አበባ ከእንጅባራ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍተኛ ሆስፒታሎች የሚገኙባት ባሕር ዳር ደግሞ ከእንጅባራ 120፣ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህ ርቀት በካርታ ላይ አጭር ይመስላል። አስከሬን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ለሚያወርድ፣ ከዚያም መኪና ተከራይቶ ደርሶ ለሚመለስ ቤተሰብ ግን ከባድ ነው። የአስከሬን ምርመራ ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል የምርመራው ኃላፊነት በጠቅላላ ሐኪም ትከሻ ላይ ይወድቃል። እሱም ወላድን፣ ሕፃንንና ድንገተኛ ሕመምተኛን እያከመ በዚያው ቀን አስከሬን እንዲመረምር ይጠየቃል።

ቁስል ምን ይናገራል?

የምርመራውን ጥቅም ለመረዳት በማንኛውም ቀበሌ ሊያጋጥም የሚችል አንድ ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። ሁለት ሰዎች አረቄ ቤት ተጣሉ እንበል። አንደኛው ሌላውን በዱላ ራሱን መታው። ሰዎች ገላገሉ፤ የተመታው ሰው ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ከመንገዱ ዳር ባለ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። የሟች ወገን “የመታው ገደለው” ይላል። የተጠርጣሪው ወገን “ሰክሮ ገደል ገባ” ይላል። ሁለቱም ወገኖች በሙሉ ልብ ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግን ሲሞት አላዩትም።

ሐኪሙ ይህን ክርክር በአስከሬኑ ላይ ያነበዋል። ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሳለ በዱላ የተመታ ሰው አንጎሉ በአብዛኛው የሚጎዳው ዱላው ባረፈበት በኩል ነው። ወድቆ ራሱን ከመሬት ያጋጨ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተጋጨበት ጎን በተቃራኒ ያለው የአንጎል ክፍል ይጎዳል። በመውደቅ የሚመጣ ቁስል ባርኔጣ ከሚያርፍበት መስመር በታች፣ በምት የሚመጣው ከመስመሩ በላይ የመገኘት ዝንባሌ አለው። ዱላ በቆዳ ላይ የሚተወው ሰንበርም ይታወቃል፤ መካከሉ ፈዞ ግራና ቀኙ የቀላ ሁለት ትይዩ መስመር ይሆናል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን አይበቃም። በአንድነት ሲታዩ ግን ከሁለቱ ወገኖች የትኛው እውነቱን እንደያዘ ይጠቁማሉ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ከፍርድም በላይ ሕይወትን የሚመለከት ነገር አለ። ከጆሮ በላይ ያለው የራስ ቅል ክፍል ስስ ነው፤ ከሥሩም የደም ስር ያልፋል። በምት ምክንያት አጥንቱ ተሰንጥቆ የደም ስሩ ሲቀደድ ደም በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ቀስ እያለ ይጠራቀማል። የተመታው ሰው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ቢስትም ሊነቃ፣ ሊናገር፣ ሊሄድ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ራስ ምታቱ ይበረታል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ከዚያም ሊሞት ይችላል። በጊዜ ሆስፒታል ቢደርስ በቀዶ ሕክምና መትረፍ የሚችል ሰው “ደህና ነኝ ብሏል፤ ተኝቷል” ተብሎ ተትቶ ያድራል። በጸብ ራሱን የተመታ ሰው ቢሄድም ቢናገርም ለሐኪም መታየት አለበት የሚለው ምክር በአስከሬን ምርመራ ላይ ደጋግሞ ከታየ ሞት የተገኘ ትምህርት ነው።

የጥይት ቁስልም የራሱ ንባብ አለው። ጥይት የገባበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ትንሽና ክብ ሲሆን በዙሪያው የተፋቀ ቆዳ ይታያል። የወጣበት ደግሞ በአብዛኛው ሰፋ ያለና ቅርጹ ያልተስተካከለ ነው። ከቅርብ የተተኮሰ ጥይት በቆዳ ወይም በልብስ ላይ ጥላሸትና የባሩድ ነጠብጣብ ይተዋል። ይህ ምልክት “ሲያጸዳው ባረቀበት” የሚለውን ቃል ከርቀት ከተተኮሰ ጥይት ለመለየት ያስችላል። ጥይቱ በሰውነት ውስጥ የሄደበት አቅጣጫም ተኳሹ ከፊት ወይም ከኋላ፣ ከላይ ወይም ከታች እንደነበረ ይጠቁማል። በሠርግ ወይም በለቅሶ ለክብር ተብሎ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለው ሞት ሲያጋጥም ምርመራው ታስቦ የተፈጸመን ግድያ ከቸልተኝነት ይለየዋል።

ስለት ያለው መሣሪያ ባስከተለው ሞት ሐኪሙ ከገዳዩ ቁስል አስቀድሞ የሟችን እጆች ያያል። ጩቤውን ለመያዝ ወይም ገጀራውን ለመመከት የሞከረ ሰው በመዳፉ፣ በጣቶቹና በክንዱ ላይ የመከላከያ ቁስል ይቀርበታል። እንዲህ ያለው ቁስል ሟች ጥቃቱን አይቶ ራሱን ለማዳን እንደታገለ ያስረዳል። አንድ ነጠላ ቁስልና አሥራ አምስት ቁስል ስለ ገዳዩ ሐሳብ እኩል አይናገሩም። ከፊት የተወጋና ከጀርባ የተወጋም እንዲሁ።

ተሰቅሎ የተገኘ አስከሬን ሁሉ ራሱን ያጠፋ ሰው አስከሬን ላይሆን ይችላል። በመሰቀል የሚፈጠረው የገመድ ምልክት ወደ ላይ ያዘነበለ ሲሆን በሌላ ሰው ታንቆ የሞተ ሰው ምልክት ግን አግድም ሆኖ አንገትን ሊዞር ይችላል። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ የወጣ አስከሬንም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ሰውየው ውሃ የገባው በሕይወት እያለ ነው ወይስ ከሞተ በኋላ? በዘንገና ሐይቅ ወይም በክረምት በሞላ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሕዝብ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም።

የሞት ሰዓትም በተወሰነ ደረጃ ይገመታል። የሟች ሰውነት ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓታት ባለው ጊዜ መድረቅ ይጀምራል፤ ከ12 ሰዓታት ገደማ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይላላል። ብርድ ይህን ሂደት ያዘገየዋል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው እንጅባራ ሜዳ ላይ ያደረ አስከሬንና ዝቅ ባለው ቆላ የተገኘ አስከሬን በአንድ መለኪያ አይመዘኑም። የአካባቢውን አየር የሚያውቅ ሐኪም አስፈላጊነቱ በዚህም ይታያል።

ምርመራው ወሰን አለው። ገዳዩን በስም አይጠራም፤ የጸቡንም መነሻ አይነግርም። በውጭ እይታ ብቻ የተወሰነ ምርመራ የውስጥ ጉዳትን ሊስት ይችላል። መርዝ ሲጠረጠር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይኖርበታል፤ ውጤቱም ይዘገያል። ከምስክር ቃል፣ ከስፍራው ማስረጃና ከፖሊስ ምርመራ ጋር ሲጣመር ነው ሙሉ የሚሆነው።

ተደጋግሞ የሚታየው መልክ

አንድ ሞት አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ብዙ ሞቶች በአንድነት ሲታዩ ግን መልክ ይኖራቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ባወጣው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 458 ሺህ ያህል ሰዎች ሆን ተብሎ ተገድለዋል። በቁጥር ከፍተኛውን ድርሻ የያዘችው 176 ሺህ ያህል ሰዎች የተገደሉባት አፍሪካ ናት። ከሟቾች 81 በመቶው ወንዶች ናቸው።

በሀገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ የአስከሬን ምርመራ ጥናቶችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። ከተገደሉት የሚበዙት ወንዶች፣ ያውም በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣቶችና ጎልማሶች ናቸው። ለገበሬ ቤተሰብ ይህ ማለት የሚያርሰው፣ የሚያጭደውና ግብር የሚከፍለው ሰው ጠፋ ማለት ነው። ገዳይ የተባለውም በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ ላይ ያለ ወንድ ስለሆነ በአንድ ምሽት ጸብ ሁለት ጎጆ ባለቤቱን ያጣል፤ አንዱ በመቃብር፣ ሌላው በማረሚያ ቤት።

የሴቶች ግድያ መልኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከተገደሉት ሴቶችና ልጃገረዶች መካከል 56 በመቶው፣ ማለትም 45 ሺህ ያህሉ፣ የሞቱት በባላቸው፣ በፍቅር ጓደኛቸው ወይም በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ ነው። በወንዶች ዘንድ ይህ ድርሻ 11 በመቶ ብቻ ነበር። ወንድ በአብዛኛው ከቤት ውጭ ሲሞት ሴት ለአደጋ የምትጋለጠው በገዛ ቤቷ ነው። የአስከሬን ምርመራ ይህን በተለየ መንገድ ያሳያል። የቆየ የጎድን አጥንት ስብራት፣ ከዳነ ቁስል ጎን ያለ አዲስ ቁስል፣ ቀለማቸው የተለያየ ብልዘቶች በአንድ ሰውነት ላይ ሲገኙ ግድያው የመጨረሻው ምት እንደነበር፣ ከእሱም በፊት ብዙ ምቶች እንደነበሩ ይመሰክራሉ። ጎረቤት ያንን ጩኸት “የባልና የሚስት ነገር” ብሎ አልፎት ይሆናል።

መሣሪያውም ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ዱላና ሽመል፣ መጥረቢያና ማጭድ፣ ገጀራና ቢላዋ በየቤቱ አሉ፤ በሕግ ሊከለከሉም አይችሉም። የጦር መሣሪያ ግን በሕግ ይዳኛል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን ግዴታ አድርጓል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ ክልል የተፈጠረውና ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማስታወጅ የደረሰው የጸጥታ ችግር ግን መሣሪያ በሰው እጅ እንዲበዛ ምክንያት የሚሆን ነገር ነው። መንገድ ሲዘጋ አስከሬን ሆስፒታል ሳይደርስ ይቀበራል፤ መዝገቡም ይጎድላል። በዱላ ቢሆን በስብራት ሊያበቃ የሚችል የድንበር ጸብ በክላሽ ሲሆን በሞት ያበቃል።

የጸቡ መነሻ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። የእርሻ ድንበር፣ ውርስ፣ የከብት ማሰማሪያ፣ የውሃ ተራ፣ የቆየ ቂም፣ መጠጥ በተጠጣበት የተነገረ የስድብ ቃል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ ተተክሎ ከሰል መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ዛፍ የበቀለበት መሬት ሁሉ የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። መሬት ዋጋ ሲያገኝ አንድ ክንድ ድንበርም ዋጋ ያገኛል። የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይዞታ እንዲለካና እንዲመዘገብ ማድረጉ ከግብር አሰባሰብ ያለፈ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው። በትክክል የተተከለ የድንበር ምልክት ደም እንዳይፈስ ያደርጋል።

ምርመራው በፍርድ ላይ የሚያመጣው ልዩነት

በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሰው መግደልን በአንድ ቅጣት አያይም። በአንቀጽ 539 ሥር የሚወድቀው ከባድ ግድያ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ያስቀጣል። በአንቀጽ 540 የተመለከተው ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። ራስን ከመከላከል ወሰን በማለፍ ወይም በከባድ ቁጣ ቅስቀሳ ተነሣሥቶ የተፈጸመው በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። በቸልተኝነት የሆነው ደግሞ በአንቀጽ 543 ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው።

በሞት ቅጣትና በጥቂት ወራት እስራት መካከል ያለው ይህ ሰፊ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በቁስል ነው። ሕጉ ከባድ ግድያን ሲተረጉም አስቀድሞ መዘጋጀትን፣ መሣሪያውንና የአገዳደሉን ዘዴ ይመለከታል። ስንት ጊዜ ተመታ? የት ላይ? ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ተኝቶ ሳለ ነው ወይስ እየታገለ? እነዚህን የሚመልሰው የሐኪሙ ወረቀት ነው። አንቀጽ 24 ደግሞ በድርጊቱና በውጤቱ መካከል የምክንያትና የውጤት ግንኙነት እንዲኖር ያዝዛል። ተመትቶ ከሳምንት በኋላ የሞተ ሰው በምቱ ለመሞቱ ማረጋገጫ ከሌለ የግድያ ክስ ወደ አካል ጉዳት ክስ ሊወርድ ይችላል።

በዚህ ሚዛን የሚጎዳው የሟች ወገን ብቻ አይደለም። ያልገደለ ሰው ምርመራ ባለመደረጉ ምክንያት ገዳይ ተብሎ ሊቀር ይችላል። ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብተውም እንኳ የሟች ዘመድ “ማስረጃ ጠፍቶ ነው እንጂ ገዳዩስ እሱ ነው” ብሎ ካመነ ደም ለመመለስ ያደባል። በደም ፍለጋ የሚሞተው ሁለተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጸብ ምንም ያልነበረበት ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ነው። ጥርት ያለ የምርመራ ውጤት ይህን ሰንሰለት ከመነሻው ሊበጥሰው ይችላል። በአካባቢው የተከበረው የሽማግሌዎች ዕርቅና ደም ማድረቅም ቢሆን ጸንቶ የሚቆመው በታወቀ እውነት ላይ ሲመሠረት ነው። ዕርቅ የሁለቱን ወገኖች ቂም ያበርዳል፤ የግድያን ክስ ግን አያስቀርም። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ሽማግሌውም ዳኛውም የሚጀምሩት ሰውየው እንዴት ሞተ ከሚለው ነው።

በቀብርና በምርመራ መካከል

ቤተሰብ ምርመራን የሚሸሽባቸው ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም። ሟችን በወጉ ገንዞ፣ ፍትሐት አስደርጎ ቶሎ መቅበር የሃይማኖትና የክብር ጉዳይ ነው። “ሬሳው ይቆራረጣል” የሚለው ስጋት አለ። የመኪና ኪራይ፣ ለቅሶ የመጣው እንግዳና አስከሬኑ ከአንድ ሌሊት በላይ የማይቆይ መሆኑ ተጨማሪ ጫና ነው። እነዚህን ስጋቶች በቁጣ ወይም በማስፈራሪያ ማለፍ አይቻልም። ምርመራው ለምን እንደሚደረግ፣ ሲያበቃ የተከፈተው ሁሉ ተሰፍቶ አስከሬኑ ለክብሩ በሚመጥን ሁኔታ እንደሚመለስ ፖሊስና ሐኪም ለቤተሰቡ አስቀድመው በቀስታ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። የሃይማኖት አባት ወይም የዕድር ዳኛ አብሮ ቢያስረዳ ቃሉ ይበልጥ ይሰማል።

በስህተት የሚጠፋው ማስረጃ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በደግ ልብ ነው። እናት የልጇን ፊት ታጥባለች፤ ዘመድ በደም የራሰውን ልብስ ያወልቃል፤ ጎረቤት የወደቀውን ቀለህ ያነሣል። በታጠበው ውሃ የባሩዱ ጥላሸት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የሚከተሉትን ማወቅ ለማንኛውም ሰው ይጠቅማል። ሰውየው በሕይወት ካለ ከሁሉም በፊት ወደ ሕክምና ይወሰድ። ሞቶ ከሆነ አስከሬኑ ከወደቀበት ሳይነሣ ለቀበሌና ለፖሊስ ይነገር፤ ሰው እንዳይረግጠው ይጠበቅ። ልብሱ አይውለቅ፣ ሰውነቱ አይታጠብ። ዱላ፣ ጩቤ ወይም ቀለህ ከተገኘ በእጅ ሳይነካ ለመርማሪ ይታይ። ልብሱ ወልቆ ከሆነ ሳይታጠብ ይቆይ፤ እርጥብ እንደሆነ በፕላስቲክ መጠቅለል ያበላሸዋልና በጥላ ደርቆ በወረቀት ይጠቅለል።

የተቀበረም ቢሆን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቆፍሮ ሊመረመር ይችላል። ነገር ግን ለቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነው፤ ጊዜ በገፋ ቁጥርም የሥጋው ቁስል ጠፍቶ የሚነበበው አጥንት ላይ የቀረው ብቻ ይሆናል።

ወረቀቶቹ በአንድነት ሲነበቡ

የምርመራ ውጤቶች በአንድነት ሲነበቡ ምን ሊያመጡ እንደሚችሉ የኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 ከንቲባ የነበሩት ሮድሪጎ ጉሬሮ ሐኪም ነበሩ። ከተማዋ በግድያ ትታመስ ነበር፤ ሕዝቡም ጥፋቱን ሁሉ በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ላይ ያላክክ ነበር። ከንቲባው ፖሊስን፣ የአስከሬን መርማሪዎችንና ሌሎች መሥሪያ ቤቶችን በየሳምንቱ እየሰበሰቡ እያንዳንዱ ሞት የት፣ መቼና በምን እንደደረሰ እንዲመዘገብ አደረጉ። መዝገቡ ሲገለጥ ብዙዎቹ ግድያዎች በሳምንቱ መጨረሻና በበዓላት ሌሊት፣ መጠጥ በተጠጣበት፣ በጦር መሣሪያ እንደሚፈጸሙ ታየ። ከተማዋም በእነዚያ ቀናት መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስን ከለከለች፤ የመጠጥ መሸጫ ሰዓትንም ወሰነች። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የመሣሪያው ክልከላ በተጣለባቸው ቀናት ግድያ 14 በመቶ ቀንሶ እንደነበር አሳይቷል።

በብሪታንያዋ ካርዲፍ ደግሞ ጆናታን ሼፐርድ የተባሉ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በጸብ ቆስለው ወደ ሆስፒታል ከሚመጡት ብዙዎቹ በፖሊስ መዝገብ እንደማይገኙ አስተዋሉ። ሆስፒታሉ የታካሚዎቹን ስም ሳይገልጥ ጸቡ የተነሣበትን ቦታ፣ ሰዓትና መሣሪያ ብቻ ለፖሊስና ለከተማ አስተዳደር ማካፈል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በጥቃት ቆስለው ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎች ቁጥር ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። በሁለቱም ከተሞች ለውጡ የጀመረው ቀድሞም የነበረው መረጃ ከመደርደሪያ ወርዶ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በመነበቡ ነው።

አዊ ካሊን ወይም ካርዲፍን አትመስልም። በእንጅባራና በዳንግላ ግን ሆስፒታል አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ሽማግሌ አለ። የጎደለው እነዚህ በአንድ ላይ የሚያነቡት አንድ ገጽ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ የሟችም የተጠርጣሪም ስም ሳይጠቀስ፣ ስድስት ነገሮች ቢጻፉ ይበቃል፤ የሞቱበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ መሣሪያው፣ የሟችና የተጠርጣሪ ዝምድና፣ መጠጥ መኖር አለመኖሩ፣ የጸቡ መነሻ። ገጹ በአንድ ቀበሌ የድንበር ጸብ መደጋገሙን ቢያሳይ የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ገመዱን ይዞ ይሂድ። ሞቱ በገበያ ቀን ምሽት የሚበዛ ከሆነ ፖሊስ የጥበቃ ሰዓቱን ያስተካክል፤ መጠጥ ቤቶችም በጊዜ ይዘጉ። በደስታ ተኩስ ሰው ሞቶ ከሆነ ዕድርና የሠርግ ሽማግሌ ተኩስን ይከልክሉ። ራሳቸውን ተመትተው ዘግይተው የሚሞቱ ከበዙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ምልክቶቹን በየቤቱ ታስተምር። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ብዙ ሺህ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የአገው ፈረሰኞች በዓልም እንዲህ ያለውን መልእክት ለማድረስ የሚመች መድረክ ነው።

ይህ ሥራ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥንቃቄና ቀጣይነት ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን በግልጽ እንዲጽፍ ጊዜና ሥልጠና ማግኘት አለበት። ፖሊስ አስከሬኑን ብቻ ሳይሆን የስፍራውን ሁኔታ ጭምር ለሐኪሙ ማስረዳት አለበት። አስተዳደሩም ለአስከሬን ማጓጓዣ የሚወጣውን ወጪ በሐዘን ላይ ካለ ቤተሰብ ትከሻ ማንሣት ይጠበቅበታል፤ ድሃ ሟቹን ያለ ምርመራ የሚቀብረው ብዙ ጊዜ እውነቱን ጠልቶ ሳይሆን የመኪና ኪራይ አጥቶ ነው። ይህ እስካልተቃለለ ድረስ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የግድያ መልክ ከመንገድ አቅራቢያ የሚኖሩትንና አቅም ያላቸውን ሟቾች ብቻ የሚያሳይ፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚሞተውን የማይቆጥር ጎዶሎ መዝገብ ሆኖ ይቀጥላል።